እግር ጥሎኝ

ከወደቡ በላይ፣ ከኮረብታው ግርጌ፣
እቀመጣለሁ ነጭ ጋዋኔን አድርጌ።
በርጩማዬ አጭር ናት፤ ከሰው ሁሉ በታች፣
የቫልፓራይሶ ጫማ በፊቴ ተፈታች።
እዚህ ከተማ ላይ መንገድ ማለት ደረጃ፣
የተሰነጠቀ ተረከዝ ሁሉ ለዚያ ማስረጃ።

አንዷ በጠባብ ጫማ አውራ ጣቷ ጎብጦ፣
አንዱ ጥፍሩ ታጥፎ ሥጋው ውስጥ ሰምጦ፣
ኳስ ሜዳ ላይ የወደቀች ሚሬያ የምትባል ልጅ
በወንድሟ ጀርባ ታዝላ ደረሰች ከኔ ደጅ።
ቁርጭምጭሚቷ አብጦ፣ ልክ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ፣
አያቷ «ወጌሻ ይሸው» ሲሉ፣ አጎቷ «ጀሶ ቶሎ!»
ጫን ጫን አድርጌ አጥንቱን ዳሰስኩ፤ አልተሰበረም።
ወለምታ ነው፤ ቢሆንም ዛሬ አይታሽም።
በፋሻ ጠምጥሜ፣ በረዶ በጨርቅ ይዤ፣
«ትራስ ላይ ይረፍ» አልኩ፣ «ጥቂት ቀን፣ በትእዛዜ።
ሲሻልሽ በአንድ እግር ቁሚ፣ ጥርስሽን ስትፋቂ፤
ኋላ ዳግም እንዳይከዳሽ ነው፤ አትሳቂ።»
ሳቀች።

ኢላሪዮ ፖስተኛው ግን አይስቅም።
«ጠዋት» አለኝ፣ «ጠዋት፣ ካልጋዬ ስወርድ፣
ምስማር የረገጥኩ ያህል ነው፣ ጉልበቴ እስኪርድ።
ጥቂት ስራመድበት ይተወኛል ደግሞ፣
ማታ ሊቀበለኝ፣ ደረጃው ሥር ቆሞ።»
አውራ ጣቱን ወደ ላይ ቀስ አድርጌ ሳብኩት፣
ከተረከዙ ሥር ያቺን ነጥብ ነካሁት።
ዘለለ።
«ቢላ ያስፈልገዋል?»
«ምን ሲደረግ ቢላ! ጅማትህ ነው የተቆጣ፣
ሠላሳ ዓመት አንተን አዝሎ ሲወርድ ሲወጣ።
ሳትነሣ በፊት፣ ገና አልጋህ ላይ ሳለህ፣
ጣቶችህን በፎጣ ወደ ራስህ ትስባለህ።
የፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃው ሆኖ በረዶ
ማታ ማታ ይንከባለል ከውስጥ እግርህ ሥር ወርዶ።
በባዶ እግር ሸክላ ንጣፍ ላይ መቆም ይቅር፤
ሶል እቆርጥልሃለሁ፤ ግን ወራት ይፈጃል ነገር።»
«ወራት?»
«ወራት።»
ፊቱን አዞረ ወደ ባሕር።

በዚያው ሰሞን ነበር ኤቫሪስቶ የመጣ፣
የጥንት መርከበኛ፣ ዓይኑ ብርሃን እያጣ፣
ስኳር ያለበት ሰው፣ ወገቡ የማይታጠፍ።
«እኔስ ደህና ነኝ» አለ፤ «ካልሲዬ ብቻ ረጥቦ።»
ካልሲውን ሳወልቅ ዝም አልኩ።
ከውስጥ እግሩ መሐል ሳንቲም የሚያህል ቁስል።
ጫማውን ገልብጬ ባራግፈው አንድ ቁልፍ
ወደቀ፣ የሸሚዝ ቁልፍ።
ሁለት ሳምንት ረግጦታል።
ምንም አልተሰማው።
አጠብኩት፣ ሸፈንኩት፣ ወደ ሆስፒታል ጻፍኩለት፤
«ዛሬውኑ» አልኩ፣ «አሁን፤ ለዚህ ነገ የለበት።»

ኢላሪዮ ተራ ሲጠብቅ፣ ሁሉን ሰምቷል።
«ያንተ ሕመም» አልኩት፣ «ደብዳቤ ነው፤ በየማለዳው ይደርሳል።
የሱም ተጽፏል፤ ፖስተኛው ግን መንገድ ላይ ሞቷል።»
መልስ አልሰጠኝም። ጫማውን አሰረ፣ ሄደ።

ክረምቱ አለፈ፣ ጭጋጉም ከባሕሩ ተነሣ።
የኢላሪዮን ተረከዝ ሳላስበው ልረሳ
ምንም አልቀረኝም፤ ዳነ ማለት ባልችልም፣
ገበያ ላይ ሳየው እንደ በፊቱ አያነክስም።
አንድ ቀን ለኤቫሪስቶ ፋሻ ይዤ ወጣሁ፣
በየእርከኑ ቆሜ እየተነፈስኩ፣ ደረጃ እየቆጠርኩ።
በሩ ገርበብ ብሏል። የቆዳ ቦርሳ ደጃፉ ላይ።
ፖስተኛው ተንበርክኮ፣
የሽማግሌውን እግር ወደ መስኮቱ አዙሮ
እያገላበጠ ያያል፣ በጣቶቹ መሐል ሳይቀር።
ጫማውንም ገልብጦ መታ መታ አደረገ።
«ደብዳቤ አለኝ?» ይላል ኤቫሪስቶ።
«ዛሬ የለህም። ያኛውን አንሣ።»

ሲያየኝ ደነገጠ፣ ጉልበቱን አራገፈ።
«እግር ጥሎኝ ነው» አለ፣
ሌላ ቤት በሌለበት፣
መቶ አሥራ ሁለት ደረጃ ላይ።